ጣቶች ሲነጡና ሲቆስሉ፦ ስለ ስክለሮደርማና ስለ ደም ዝውውር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያዩ ቦታዎች የተላኩ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ እርሱም ወደ እጅና ወደ እግር ጣቶች የሚሄደው ደም በብርድ ጊዜ መቋረጡና ሲስተሚክ ስክለሮሲስ ወይም በተለምዶ ስክለሮደርማ የሚባለው ሕመም በጣቶች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሁኔታ ጊዜ የማይሰጥ በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ለእርሳቸው ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልብስ ሳጥብም ሆነ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጣቶቼ ደም የሌላቸው ይመስል ይነጣሉ፤ ቆየት ብለው ይጠቁራሉ፤ ሲሞቁ ደግሞ ይቀሉና ያቃጥሉኛል። ይህ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጎረቤቶቼ ብርድ ገብቶሽ ነው ሲሉኝ እኔም እንደዚያው ተቀብዬ ኖርኩ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጣቶቼ አብጠው የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ አለኝ፤ ቆዳውም ተወጥሮ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሣት አይቻልም። አሁን በቀኝ እጄ የሌባ ጣትና የመሐል ጣት ጫፍ ላይ ትንንሽ ቁስሎች ወጥተው አልድን ብለዋል፤ ሕመሙም ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ወቅጬ አሰርኩበት፤ ከመድኃኒት ቤትም አንቲባዮቲክ ገዝቼ ወሰድኩ፤ ለውጥ አላየሁም። አንዲት ዘመዴ ደግሞ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን ብላ በጆሮዬ ከነገረችኝ ወዲህ ሰው ፊት እጄን መዘርጋት አፍራለሁ። ሕመሜ ምንድን ነው? ጣቴስ ይቆረጥ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጨረሻ ያቀረቡትን ጥያቄ አስቀድመን እንመልስ። እንዲህ ያሉት የጣት ጫፍ ቁስሎች አብዛኞቹ ተገቢውን ሕክምና በጊዜው ካገኙ ጣት ሳይቆረጥ ይድናሉ። ጣት እስከ ማጣት የሚያደርሰው ቁስሉ ሳይታከም ቆይቶ ማመርቀዙና ኢንፌክሽኑ እስከ አጥንት መዝለቁ፣ አለዚያም ወደ ጣቱ የሚሄደው ደም ፈጽሞ ተቋርጦ ሥጋው መሞቱ ነው። ሁለቱንም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ይህን መልስ እንዳነበቡ፣ ሌላ ሳምንት ሳይጨምሩ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል እንዲሄዱ አጥብቀን እንጠይቅዎታለን።

ደብዳቤ ብቻ አንብቦ ለሕመም ስም መስጠት አይቻልም። ይሁን እንጂ የጻፉልን ምልክቶች በአንድነት ሲታዩ ሐኪምዎ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ሕመም ሲስተሚክ ስክለሮሲስ ነው። ጣቶች በብርድ ወይም በድንጋጤ ምክንያት የሚነጡበትንና የሚጠቁሩበትን ሁኔታ ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ መዘገበው በስሙ ሬይኖ ተብሎ ይጠራል። ሬይኖ ብቻውን ሌላ ሕመም በሌለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይታያል፤ በእርስዎ ላይ ግን የጣቶች እብጠት፣ የቆዳ መወጠርና ቁስል ተጨምረውበታል። በሲስተሚክ ስክለሮሲስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ ይነሣል፤ የትንንሽ ደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ በቆዳ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በሳንባና በምግብ ቧንቧ ውስጥ፣ ከመጠን ያለፈ ጠባሳ መሰል ክር እንዲከማች ያደርጋል። ይህ ሕመም ካለባቸው 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ሬይኖ አለባቸው፤ ግማሽ የሚያህሉትም በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ የጣት ጫፍ ቁስል ያጋጥማቸዋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዛት ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በጎልማሳነት ዕድሜ ነው። በብዙዎች ላይ የጣቶች መንጣት ሌሎቹ ምልክቶች ከመታየታቸው በፊት ለዓመታት ብቻውን ይቆያል፤ እኛን የሚያሳዝነንም እነዚያ ዓመታት ብርድ ገብቶሽ ነው በሚል አነጋገር ማለፋቸው ነው። ጎረቤቶችዎ በክፋት አልተናገሩም፤ ብርድ በእርግጥ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። የሕመሙ መነሻ ግን ብርዱ ሳይሆን የደም ሥሮቹ ሁኔታ ነው።

ዘመድዎ ስለ ነገሩዎት የሥጋ ደዌም ግልጽ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ሁለቱም ሕመሞች ጣትን ሊያቆስሉና ጫፉን ሊያሳጥሩ ስለሚችሉ መምታታታቸው የሚጠበቅ ነው። በሥጋ ደዌ የሚጎዳው ነርቭ ስለሆነ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም፤ ሰውየው እጁ ሲቃጠልም ላይሰማው ይችላል። የእርስዎ ቁስል ግን እንቅልፍ እስከሚነሣ ድረስ ያምማል፤ ይህም ደም ያጣ ሥጋ የሚሰማው ሕመም ነው። ስክለሮደርማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጆችዎን ማቀፍና ከቤተሰብዎ ጋር አብሮ መብላት ምንም ጉዳት የለውም። የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ሕመም ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሐኪምዎ የቆዳዎን ስሜት መርምሮ ጥርጣሬውን በአንድ ቀን ሊያነሣልዎ ይችላል፤ እጅዎን ለመደበቅ ምክንያት የለዎትም።

በጣትዎ ውስጥ የሚሆነውን እናስረዳ። ጤነኛ ሰው ሲበርደው ሰውነቱ ሙቀቱን ለልብና ለሌሎች የውስጥ አካላት ለማቆየት የጣቶቹን ትንንሽ ደም ቅዳ ሥሮች ያጠብባል፤ ብርዱ ሲያልፍም ይከፍታቸዋል። በስክለሮደርማ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ወፍሮ፣ ደለል እንደያዘ የውኃ ቧንቧ ውስጡ ጠብቧል። በዚያ ላይ ሥሩን የሚያጠብበው ኢንዶተሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛል፤ የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ ያንሳል። አስቀድሞ በጠበበው ሥር ላይ የብርድ ጭብጥታ ሲጨመር ደሙ ፈጽሞ ይቆማል። ጣት የሚነጣው ያን ጊዜ ነው፤ የቀረው ደም ኦክስጅኑን ሲጨርስ ይጠቁራል፤ ሥሩ ሲከፈት ደግሞ ይቀላል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የጣቱ ጫፍ፣ ማለትም ከልብ እጅግ የራቀው ሥጋ፣ ይሞትና ቁስል ይሆናል። አንቲባዮቲኩ ብቻውን ያልረዳዎትም ለዚህ ነው፤ የቁስሉ መነሻ የደም እጥረት ሆኖ ሳለ ለጀርም ብቻ መድኃኒት ወሰዱ፤ ደም በደንብ ወደማይደርስበት ቦታ ደግሞ መድኃኒቱም በበቂ አይደርስም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የጥፍርዎን ሥር ቆዳ በማጉያ መሣሪያ ቢመለከትልዎ እንመኛለን። በዚያ ቦታ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ከቆዳው ወለል ጋር ስለሚተኙ፣ የዘይት ጠብታ አድርጎ የቆዳ ሐኪሞች በሚይዙት ደርማቶስኮፕ ቢታዩ መስፋታቸው፣ መድማታቸውና አንዳንዶቹ መጥፋታቸው ይለያል። በእኛ አስተያየት ከምርመራዎቹ ሁሉ ወጪው ያነሰውና ብዙ የሚናገረው ይህ ነው፤ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል ሕመሞች) ሐኪሞች ጥቂት በሆኑበት በአገራችን ይበልጥ ሊለመድ ይገባው ነበር። ከዚህ ሌላ ኤኤንኤ የሚባለው፣ በራስ አካል ላይ የተነሡ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ የደም ምርመራ፣ ከተቻለም በዚህ ሕመም የሚታዩትን ፀረ እንግዳ አካላት ለይተው የሚፈልጉት የፀረ ሴንትሮሜርና የፀረ ስክል 70 ምርመራዎች ይታዘዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ባለሙያዎች ባወጡት መለኪያ፣ የሁለቱም እጆች ቆዳ ከጣቶቹ አልፎ ከጣት መነሻ መገጣጠሚያ በላይ ወፍሮ ከተገኘ ብቻውን 9 ነጥብ ይይዛል፤ ሕመሙን ለመለየት የሚበቃውም 9 ነጥብ ነው። ወፍሮ የተገኘው ቆዳ በጣቶች ብቻ ከተወሰነ ግን ሬይኖው 3፣ የጣት ጫፍ ቁስል 2 እያለ ነጥቡ ይደመራል። የደም ግፊትዎ፣ የኩላሊትዎ፣ የሳንባዎና የልብዎ ሁኔታም መታየት አለበት፤ ስለዚህ ምግብ መዋጥ ያስቸግርዎ፣ ቃር ያበዛብዎ ወይም ዳገት ሲወጡ ከወትሮው በላይ ትንፋሽ ያጥርዎ እንደሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የደም ሥርን ከሚያሰፉት መድኃኒቶች ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚመርጧቸው ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን ናቸው። ሁለቱም ለደም ግፊት የሚሰጡ፣ በአብዛኛው መድኃኒት ቤት የሚገኙና ዋጋቸው የማይከብድ ናቸው። አምሎዲፒን በቀን 5 ሚሊ ግራም ይጀመርና እንደ አስፈላጊነቱ ወደ 10 ከፍ ይላል፤ ኒፌዲፒን ደግሞ ቀስ እያለ የሚሠራው ዓይነት በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ይሰጣል። የደም ግፊትዎ ዝቅተኛ ከሆነ መጠኑ በጥንቃቄ መወሰን ስላለበት በራስዎ ገዝተው እንዳይጀምሩ። እነዚህ ካልበቁ ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል ይጨመራል። ብዙ ሰው ሲልዴናፊልን በሌላ አገልግሎቱ ስለሚያውቀው ሴት ልጅ ስትታዘዘው ይደነግጣል፤ ነገር ግን ሥራው የደም ሥርን መክፈት ስለሆነ ለጣት ቁስልም ይረዳል፤ ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ፈጽሞ ሊወስደው አይገባም። ቁስሉ ከባድ ሲሆን ኢሎፕሮስት የሚባል መድኃኒት ሆስፒታል ተኝቶ ለተወሰኑ ቀናት በየቀኑ ለ6 ሰዓት ያህል በደም ሥር ይሰጣል፤ ይህ በሁሉም ቦታ የሚገኝ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሕመሙን ያስታግሳል ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወስዱ። በስክለሮደርማ፣ በተለይም ቆዳው በፍጥነት እየወፈረ ባለበት ሰው ላይ፣ በቀን ከ15 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ፕሬድኒሶሎን የደም ግፊትን በድንገት አንሮ ኩላሊትን ከሚያጠፋ አደገኛ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። ለማይግሬን የሚሰጠው ኤርጎታሚን፣ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ ለልብ ትርታ ወይም ለእንቅርት ሕመም የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልም የጣት ደም ሥርን ስለሚያጠብቡ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ፕሮፕራኖሎልን ግን በራስዎ ውሳኔ በድንገት እንዳያቋርጡ። ሲጋራና ጫትም እንዲሁ ደም ሥርን ያጠብባሉ፤ በዚህ ሕመም ላይ ሁለቱንም መተው ትልቅ ጥቅም አለው።

ቁስሉን በተመለከተ ነጭ ሽንኩርቱና ጥቁር አዝሙዱ ዛሬውኑ ይቅሩ፤ ነጭ ሽንኩርት ደም ባነሰው ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይገድላሉ። ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ በቀስታ ያጽዱት፤ ቫዝሊን ቀብተው በማይጣበቅ ንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ ይሸፍኑት። ቁስሉ ፈጽሞ መድረቅ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ልክ አይደለም፤ በመጠኑ እርጥብ ሆኖ ሲሸፈን ይሻላል። ከቁስሉ ውስጥ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ቢወጣ በቆዳ ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም ሊሆን ይችላልና በመርፌ እንዳይጎረጉሩት። ልብስ ማጠቡንና ሊጥ ማቡካቱን ቁስሉ እስኪድን ሌላ ሰው ቢረከብልዎ እጅግ መልካም ነው፤ ይህን ቤተሰብዎ እንደ ሕክምናው አካል እንዲቆጥረው እንለምናለን።

ስለ ሙቀት ብዙ ሰው የሚያስበው ጓንትን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የጣት ደም ሥር የሚከፈተውና የሚዘጋው በመላው ሰውነት ሙቀት ትእዛዝ በመሆኑ ደረትና ራስ በርዶት ሳለ ጓንት ብዙ አይረዳም። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ ሹራቡንና ካልሲውን ይልበሱ፤ ጋቢዎን ሳይደርቡ ደጅ አይውጡ። ጣትዎ ሲነጣ በብብትዎ ሥር ያድርጉት ወይም ለብ ባለ ውኃ ይንከሩት። ከሰል ላይ መዘርጋትና በፈላ ውኃ መንከር ግን የተከለከለ ነው፤ ደም ያጣ ጣት ቶሎ ይቃጠላል፤ ከሰሉም በተዘጋ ቤት ውስጥ መርዘኛ ጭስ አለው። ጣትዎ ከነጣ ወይም ከጠቆረ በኋላ ሞቆም ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ከደረቀ፣ መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ወደ ክንድ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በሪያድ በቤት ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ኤሲ በሚበርድበት ክፍል ስቆይና ከፍሪዘር ሥጋ ሳወጣ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ይነጣሉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ቁስል የለኝም። እናቴም በወጣትነቷ እንዲሁ ትሆን ነበር። ስክለሮደርማ ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ ከጻፉልን ተነሥተን የበለጠ የምንገምተው ከሌላ ሕመም ጋር ያልተያያዘውን ሬይኖ ነው። ይህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በቤተሰብ ይወረሳል፤ ሁለቱንም እጆች እኩል ይነካል፤ ቁስልም አያወጣም። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላ ሕመም ሳይጨመርባቸው ይኖራሉ። ቢሆንም አንድ ጊዜ የጥፍርዎ ሥር ቢታይና የኤኤንኤ ምርመራ ቢደረግልዎ እንመክራለን፤ ሁለቱም ጤናማ ከሆኑ ወደ ስክለሮደርማ የመሻገሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። የጣት እብጠት፣ የቆዳ መወጠር፣ የጣት ጫፍ ላይ ጎድጓዳ ጠባሳ ወይም አዲስ ቃር ቢያዩ፣ ወይም መንጣቱ በአንድ እጅ ብቻ ቢሆን፣ ሳይዘገዩ ይመርመሩ። አሠሪዎችዎን ለፍሪዘር የሚሆን ወፍራም ጓንት መጠየቅ ቅብጠት አይደለም፤ የጤና ጉዳይ መሆኑን በድፍረት ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ የምኖር የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ሲስተሚክ ስክለሮሲስ እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ኒፌዲፒን እወስዳለሁ፤ እግሬ ያብጣል፣ ቃሩም ብሶብኛል። በዚህ ክረምት የእግር ጣቴም ቆስሏል። ሐኪሜ ቦሴንታን ልጀምርልሽ ብሎኛል፤ እኔ ግን ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የቁርጭምጭሚት እብጠት የኒፌዲፒን የታወቀ ጠባይ ሲሆን ኩላሊትዎ ታይቶ ጤነኛ ከሆነ በራሱ አደገኛ አይደለም። ቃሩም እንዲሁ ተያያዥነት አለው፤ ስክለሮደርማ በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ያላላዋል፤ ኒፌዲፒንም ይጨምርበታል። መድኃኒቱን በራስዎ ከማቆም ይልቅ መጠኑ እንዲቀነስ፣ በሲልዴናፊል እንዲተካ ወይም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የአሲድ መቀነሻ እንዲታከልልዎ ይጠይቁ።

ቦሴንታን ደም ሥርን የሚያጠብበውን የኢንዶተሊን ሥራ የሚከለክል መድኃኒት ሲሆን በተደረጉት ሁለት ዋና ጥናቶች አዳዲስ የጣት ቁስሎች እንዳይወጡ ረድቷል፤ አስቀድሞ የወጣውን ቁስል በማዳን በኩል ግን ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ቁስል ደጋግሞ ለሚወጣበት ሰው ይሆናል እንጂ ለአንድ ቁስል ተብሎ የሚጀመር አይደለም። በማኅፀን ያለ ፅንስ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ስለሚያስከትል በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም፤ የጉበት ምርመራም በየወሩ ይፈልጋል። በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ቦሴንታን የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችን፣ መርፌዎችንና በክንድ የሚቀበሩትን ሆርሞኖች ኃይል ይቀንሳል፤ በእነርሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። ልጅ መውለድ የሚፈልጉት በቅርቡ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪምዎ ገልጸው ሌላ መንገድ እንዲመረጥ ማድረግ የእርስዎ መብት ነው። ስክለሮደርማ ያለባቸው ብዙ ሴቶች በሰላም ይወልዳሉ፤ ከማርገዝዎ በፊት ግን ሳንባዎ፣ ልብዎና ኩላሊትዎ መታየት አለባቸው፤ የሳንባ ደም ሥር ግፊት ከተገኘ እርግዝና ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ውሳኔው ይለወጣል።

የእግር ጣት ቁስል ከእጅ ጣት ቁስል ይልቅ ሳይታይ ይቆያል፤ ካልሲና ጫማ ይሸፍነዋልና። ማታ ማታ በጣቶች መካከልና በተረከዝ ላይ በመስተዋት ይመልከቱ። ሐኪምዎም በእግርዎ ላይ ያለውን የደም ትርታ እንዲዳስስና የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ከክንድ ጋር አነጻጽሮ እንዲለካ ይጠይቁ፤ ትልቁ ደም ቅዳ ከተደፈነ ሕክምናው የተለየ ነው። ጫማዎ ከፊት ሰፊ ይሁን፤ ሁለት ካልሲ ደርበው የሚጠብብ ከሆነ ግን ደሙን መልሶ ይዘጋልና አንዱን ያውልቁ። በሚኒሶታ ክረምት ለእጅ አምስት ጣት ካለው ጓንት ይልቅ አራቱ ጣቶች በአንድነት የሚገቡበት ጓንት ይበልጥ ይሞቃል፤ መኪናውንም ከመግባትዎ በፊት ያሙቁት፤ በገበያ አዳራሽ ከበረዶ ሣጥን ዕቃ ሲያነሡ ጓንትዎን አያውልቁ። አሁን ያለብዎት ቁስል በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻል ካልጀመረ፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ ሕመሙ ከጨመረ፣ የቀጠሮዎን ቀን ሳይጠብቁ ወደ ክሊኒኩ ደውለው የቁስሉን ፎቶ ይላኩ፤ አጥንቱ መነካቱን ለማወቅ ኤክስሬይ ወይም ኤምአርአይ ሊያስፈልግዎ ይችላል።